ለፓርዴሱ መምህሬ ምስጋና

ዲግሪዬን በተቀበልኩበት ሰሞን ያገኘኝ ዘመድ ሁሉ «ሥራ ያዝሽ ወይ?» ይለኝ ነበር። የምፈልገውን ግን አላወቅሁም። ያን ዓመት ኢየሩሳሌም ውስጥ በፓርዴስ የአይሁድ ጥናት ተቋም ታልሙድ፣ ማለትም የጥንት አይሁድ ሊቃውንት ስለ ሕግ የተከራከሩበትን መጽሐፍ፣ ስማር አሳለፍኩ። የማመሰግነው እዚያ ያስተማሩኝን መምህር ነው፤ ስማቸው እንዲጻፍ አይወዱም።

ፓርዴስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1972 የተመሠረተ፣ ወንድና ሴት አብረው የሚማሩበት ቤት ነው። ጥናቱ «ሐቭሩታ» ይባላል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ገጽ ዘርግተው ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ይከራከራሉ። ቃሉ ከእኛው «ኅብረት» ጋር ዘመድ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ላይ የጓደኛዬን ሐሳብ ሁሉ እሺ ብዬ አልፍ ነበር። መምህሬ ይህን አይተው በታልሙድ ካሉት ሊቃውንት የአንዱን፣ የራቢ ዮሐናንን፣ ታሪክ ገለጡልን። የጥናት ጓደኛቸው ሬሽ ላኪሽ ሲሞት ምትክ ተሰጣቸው፤ ምትኩ የተናገሩትን ሁሉ በማስረጃ ይደግፍላቸው ጀመር። እርሳቸው ግን አዘኑ። ሬሽ ላኪሽ ለአንድ ቃል 24 ተቃውሞ ያነሣ ነበር፤ እርሳቸውም 24 መልስ ይሰጡ ነበር፤ ነገሩም እንዲያ ይሰፋ ነበር። መምህሬም «ያንቺዎቹ 24 ጥያቄዎችስ የት አሉ?» አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የተማርኩትን ሙያ የመረጥኩትም እሺ ብዬ ነበር።

ቤተሰቤ ከጎንደር ነው፤ ቤተ እስራኤል ነን። አያቴ ያደጉት ቄሶች ኦሪትን በግእዝ ሲያነቡ እየሰሙ ነው፤ ታልሙድ በአገራችን አልነበረም። ስለዚህ ሌላ ቦታ በአዘኔታ ያዩኝ ሰዎች ነበሩ። የሰንበት መብራት በምን ዘይትና በምን ክር እንደሚበራ የሚያወሳውን ምዕራፍ ስናጠና፣ መምህሬ አያቴ ዘንድ እንድደውል ጠየቁኝ። አያቴም «በእኛ ዘንድ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል» አሉ። መምህሬ «በሰንበት እሳት አታንድዱ» የሚለውን የኦሪት ቃል አውጥተው፣ ሁለቱን አነባበቦች፣ ቀድሞ የበራው መብራት ይቆይ የሚለውንና እሳት ሁሉ ይጥፋ የሚለውን፣ ጎን ለጎን አስቀመጡ። ማንኛቸውንም አላሳነሱም። እኔ አለቀስኩ።

ትምህርት ጨርሳችሁ መንገዳችሁን የምታስቡ ልጆች፣ ይህን ቤት ተመልከቱት። የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ጽሑፎቹ ግን በዕብራይስጥና በአራማይክ ስለሆኑ ዕብራይስጣችሁን አጠንክሩ። ስለ ክፍያውም ቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ሥራ ይዣለሁ፤ እኔው የመረጥኩትን። ማክሰኞ ማታ ከጥናት ጓደኛዬ ጋር በስልክ እናነባለን፤ ገና እዚያው የመብራቱ ምዕራፍ ላይ ነን። መምህሬ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። አያቴም ሰላም ይበሉልኝ ብለዋል።