ላሲክ፣ ፒአርኬ ወይስ ስማይል? መነጽርን በሌዘር ለመተው ለሚያስቡ

መነጽራቸውን በሌዘር ሕክምና ለመተው የሚያስቡ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ዋጋውን ነው፤ ላሲክ፣ ፒአርኬና ስማይል ከተባሉት ሦስት የሌዘር ሕክምናዎች የትኛው እንደሚመረጥ የሚወስነው ግን በዋናነት የኮርኒያ፣ ማለትም ከዓይን ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ውፍረትና ቅርጽ ነው።

በላሲክ ከኮርኒያው ላይ ስስ ክዳን ይከፈታል፤ ሥሩ በሌዘር ከተስተካከለ በኋላ ክዳኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። አብዛኛው ታካሚ በማግስቱ ጥሩ ስለሚያይ ቶሎ ወደ ሥራ መመለስ ለሚፈልግ ይመቻል። ሆኖም ክዳኑ ሲከፈት ነርቮች ስለሚቆረጡ የዓይን ድርቀት ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ክዳኑም ከዓመታት በኋላ እንኳ በኃይለኛ ምት ሊንሸራተት ስለሚችል ለቦክሰኛ ወይም ለወታደር አልመርጠውም።

ፒአርኬ ክዳን የለውም። የላይኛው ስስ ሽፋን ተነሥቶ ሌዘሩ በቀጥታ ያርፋል፤ ሽፋኑ እስኪተካም ለጥቂት ቀናት መከላከያ ኮንታክት ሌንስ ይደረጋል። እነዚህ ቀናት ያማሉ፣ ዓይን ያነባል፣ እይታም በደንብ ለመጥራት ሳምንታት ይወስዳል። ፀሐይ ኮርኒያውን የማደብዘዝ ዕድል ስላላት፣ ጨረሩ በሚበረታባቸው እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ለሚኖር ሰው ጥሩ የፀሐይ መነጽር ግዴታ ነው።

ይህን ሁሉ መታገሥ ለምን እንደሚያስፈልግ ስሌቱ ያሳያል። ኮርኒያው 480 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሆነና የመነጽር ቁጥሩ ከዜሮ በታች 6 የሆነ ሰው እንውሰድ። ሌዘሩ ለአንድ ቁጥር በግምት 15 ማይክሮን ቢወስድ 90 ማይክሮን ይቀነሳል። በላሲክ 110 ማይክሮን የሚሆነው ክዳንም ጥንካሬ ስለማይጨምር ከሥሩ የሚቀረው 280 ብቻ ነው። ዝቅተኛው ገደብ 250 ነው ቢባልም ብዙ ሐኪሞች 300 እንዲተርፍ ይሻሉ። ፒአርኬ ክዳን ስለሌለው ለእንዲህ ያለው ሰው የተሻለ ነው።

ስማይል ክዳን ሳይከፍት በሌዘር የተቆረጠ ስስ የኮርኒያ ቁራጭ በትንሽ ቀዳዳ አውጥቶ ስለሚያበቃ ድርቀቱ ብዙውን ጊዜ ከላሲክ ይቀላል፤ በስፋት የሚሠራው ግን ሩቅ ለማየት ለሚቸገሩ ነው።

ኬራቶኮነስ የተባለው የኮርኒያ መሳሳትና መሾጠጥ ላለበት ሰው ከሦስቱ አንዱም አይመከርም። ዓይንን ማሸት ለዚህ ችግር ሊያጋልጥ ስለሚችል፣ በአለርጂ ምክንያት ዓይኑን አዘውትሮ የሚያሽ ሰው የኮርኒያ ካርታ፣ ማለትም የኮርኒያውን ቅርጽ የሚያሳይ ምስል፣ ሳይነሣ ቀጠሮ መያዝ የለበትም። ቁጥሩ ባለፈው ዓመት የተለወጠበት ሰው ይቆይ፤ ዕድሜው ከ40 ያለፈ ደግሞ ለንባብ መነጽር ሊያስፈልገው እንደሚችል ይወቅ። ኮንታክት ሌንስ የኮርኒያን ቅርጽ ስለሚለውጥ፣ ለስላሳው ከምርመራው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በፊት፣ ጠንካራው ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ይውለቅ።