ማይልጉን ወይስ ግዊንሊው? የሁለት የዌልስ ነገሥታት ወግ

በዌልስ የቅዱሳን ገድሎች ውስጥ ንጉሥ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ጠብ አብሮት ይመጣል። የሰሜኑ የግዊኔድ ንጉሥ ማይልጉን ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው። በቅዱስ ፓዳርን ገድል የንጉሡ ሰዎች ከረጢቶች አምጥተው «የጌታችን ሀብት ነው፣ አደራ» ይላሉ። ሲመለሱ ከረጢቶቹ ሲከፈቱ ጠጠርና የድንጋይ ሽበት ብቻ! ሌባው ፓዳርን ነው ተባለ። ቅዱሱ እጁን በፈላ ውሃ ከተተ፤ ምንም አልሆነም። ከሳሾቹ ግን ተቃጠሉ። ንጉሡም ዓይኑ ጠፋ፤ የዳነው ይቅርታ ጠይቆ መሬት ከሰጠ በኋላ ነው።

መሬቱን ልብ በሉ። ገድሉ የተጻፈው ማይልጉን ካለፈ ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ የዌልስ ዜና መዋዕል ሞቱን እ.ኤ.አ. በ547 በወረርሽኝ ያደርገዋል። ለፓዳርን ገዳም ተረቱ የይዞታ ማረጋገጫም ነበር ማለት ነው።

የደቡቡ ግዊንሊው ሌላ ዓይነት ሰው ነው። በጉልምስናው ወራሪ፣ በኋላ ሚስቱ የሆነችውን ልዕልት ግላዲስን 300 ሰው አሰልፎ የጠለፈ። እሱን የገጠመው ግን ባዕድ መነኩሴ ሳይሆን የገዛ ልጁ ቅዱስ ካዶግ ነው። ተአምራዊ ቅጣት የለም፤ ምክር ብቻ። ግዊንሊው ግንባሩ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው ነጭ በሬ ባገኘበት ኮረብታ ላይ መነነ። ዛሬ እዚያ የኒውፖርት ካቴድራል ቆሟል፣ በስሙ።

ለታሪክ ተመራማሪ ማይልጉን ይሻላል፤ በዘመኑ የነበረው መነኩሴ ጊልዳስ በቁጣ ጽፎበታልና። ለእኔ ግን ከፈላው ውሃ ይልቅ አባቱን የመከረው ልጅ ይበልጥብኛል።