ፒያሳ ላለችው ፋርማሲስት፣ ስለ ኮሌስትሮል ክኒን ለምትሰጠው ምክር

እግዚአብሔር ይስጥልን እህታችን! ስሜ አይነሳ ስላለች አናነሳውም፤ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ካሉት ፋርማሲዎች በአንዱ ናት። በጤና ሙያ ላይ ያለን ሰዎች ዘመድ ወዳጃችንን የምንልከው ወደ እሷ ነው። ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል ክኒኖች ሲምቫስታቲን ወይም አቶርቫስታቲን የታዘዘለትን ሰው «ማታ ማታ አንድ» ብላ ብቻ አትሸኘውም።

መጀመሪያ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ትጠይቃለች። ሲምቫስታቲን ከአንቲባዮቲኮቹ ከክላሪትሮማይሲንና ከኢሪትሮማይሲን፣ ከፈንገስ መድኃኒቱ ከኬቶኮናዞል ክኒን ወይም ሪቶናቪር ካለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጋር ፈጽሞ አይወሰድም። እነዚህ ጉበት ሲምቫስታቲንን የሚያብላላበትን ኢንዛይም ስለሚያግዱት መድኃኒቱ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ጡንቻን ይጎዳል። ለግፊቱ አምሎዲፒን የሚወስድ ደግሞ ሲምቫስታቲኑ በቀን ከ20 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። አምሎዲፒን ላይ ላለ ሰው የ40 ማዘዣ ሲመጣላት ክኒኑን ከመቁጠሯ በፊት ሐኪሙ ጋ ትደውላለች።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናት ግን በጡንቻ ሕመሙ ነው። ጭንና ባት ሲቆረጥም «ብርድ ነው» ይባልና የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክ ይገዛል፣ ሲብስም ይወጉታል። ዲክሎፌናክ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊት ይጎዳል። የእሷ ጥያቄ እንዲህ ነው፦ «እማማ፣ ሁለቱንም ጭንዎን ነው ወይስ አንዱን? ክኒኑን ከጀመሩ ስንት ሳምንት ሆነዎት? ከበርጩማ ሲነሱ እጅዎን ካልተደገፉ ያቅትዎታል? ሽንትዎስ መልኩ ተለውጧል?»

እያንዳንዱ ጥያቄ ምክንያት አለው። ስታቲን የሚያመጣው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጎን፣ ጭን፣ ዳሌ፣ ባት ወይም ትከሻ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ ወይም መጠኑ ሲጨመር ይነሳል። አንድ ጉልበት ብቻ አብጦ የሚያመው ሰው ክኒኑን ከመውቀሱ በፊት ጉልበቱን ይታይ። ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረና አቅም ከከዳ ግን ጡንቻው እየፈረሰ ኩላሊት ላይ አደጋ እየመጣ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው፤ ከደረሰ ግን ክኒኑን አቁሞ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው።

ሕመሙ ቀለል ያለ ከሆነ ሐኪሙ ሲኬ የሚባለውን፣ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣውን ኢንዛይም የሚለካ የደም ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ከጤናማው ጣሪያ ከ10 እጥፍ ካለፈ መድኃኒቱ ይቆማል፤ ካልሆነ መጠኑን መቀነስ ወይም በሌላ ስታቲን መቀየር ይቻላል። አንድ ነገር እዚህ ላይ ይያዝልን፦ ጡንቻ ላይ የተወጋ መርፌም ሆነ ከባድ የጉልበት ሥራ ሲኬን ከፍ ያደርገዋል። ትናንት ዲክሎፌናክ የተወጋ ሰው ዛሬ ቢመረመር ውጤቱ ያሳስታል፤ ለላብራቶሪውና ለሐኪሙ ይንገር። የታይሮይድ ማነስም ሕመሙን ስለሚያባብስ አብሮ ቢታይ መልካም ነው።

የጉበት ኢንዛይም መድኃኒቱ ሳይጀመር ይለካል። ዓይን ቢጫ ከሆነ ሳይውል ሳያድር መታየት ነው። የደም ስኳርም በትንሹ ሊጨምር ይችላል፣ በተለይ ስኳር ሊይዘው አፋፍ ላይ ላለ ሰው፤ ልብና አንጎልን በመጠበቅ የሚሰጠው ጥቅም ግን ስለሚበልጥ በዚህ ሰበብ አይቋረጥም።

በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ክኒኑን የሚተዉትን የምታግባባበትን ትዕግሥት ብታዩ! ሁለቱም ክኒኖች ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም መወሰድ ይችላሉ። ሲምቫስታቲን ማታ የሚሆነው ጉበት ኮሌስትሮልን በብዛት የሚሠራው ሌሊት ስለሆነና መድኃኒቱም ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ነው፤ አቶርቫስታቲን በተመቸ ሰዓት ይሆናል፣ ብቻ ሰዓቱ አይለዋወጥ። ሲቋረጥ ኮሌስትሮሉ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል።

ፋርማሲውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እንጠቁማችኋለን። ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ ከነካርቶኑ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ለጉሮሮ የተሰጣችሁ የ5 ቀን መድኃኒትም ቢሆን አይቅር።