ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ወላጅ ነርሲንግ ሆም ያላችሁ፣ ይህችን ልጅ እወቋት

ምስጋናችን እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በአንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት) ውስጥ ለምትሠራ የአክቲቪቲ፣ ማለትም ነዋሪዎቹን የማጫወት፣ ሠራተኛ ነው። የአገራችን ልጅ ናት። በእሷ ፎቅ ያሉ እናቶችና አባቶች አዲስ አበባና ጂዳ ያሉ ልጆቻቸውን በቪዲዮ የሚያዩት በእሷ ብርታት ነው። እግዜር ይስጥልን፣ ዘመኗ ይባረክ።

ሌላ ቤት የሚሆነውን ያየው ያውቀዋል። ስትደውሉ እንግዳ መቀበያው ያስጠብቃል፣ ወደ ፎቁ ያዞራል፣ እዚያ የሚያነሳ የለም። ከተነሳም «ተኝተዋል» ነው። ታብሌቱ በርቶ ሲመጣ ጣሪያ እያያችሁ ትውላላችሁ። በ2020 በኮቪድ በሩ ሁሉ ሲዘጋ ግርግር ነው ብሎ መታገሥ ይቻል ነበር፤ ጉብኝት እንደገና ከተከፈተ ከኖቬምበር 2021 ወዲህ ግን ምን ይባላል? ጥሪው አልገባም ስትሏቸው መልሱ አንድ ነው፦ «ዋይፋዩ ይሠራል»።

ይሠራል፣ አዎ። ግን የእንግዳ ዋይፋይ በየጊዜው «እስማማለሁ» የሚያስብለውን ገጽ መልሶ ያመጣል። የሚጫንለት ሰው ከሌለ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ጥሪ ግን አይገባም። እሷ ይህን ደርሳበት የቤቱን የኮምፒውተር ባለሙያ ለምና ታብሌቶቹን አንድ በአንድ አስመዘገበች። አይፓድ ከሆነ ደግሞ ሴቲንግ ገብታ «ፕራይቬት ዋይፋይ አድሬስ» የሚለውን ታጠፋለች፤ አለበለዚያ አድራሻው በተቀየረ ቁጥር ኔትወርኩ እንደ አዲስ ዕቃ ቆጥሮ ያስወጣዋል።

ዋትስአፕም የራሱ ጣጣ አለው። ታብሌቱ ከእናት ስልክ ጋር የተያያዘ ከሆነና ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ባትሪው አልቆ ከ14 ቀን በላይ ከቆየ፣ ታብሌቱ በራሱ ጊዜ ከዋትስአፕ ይወጣል። ቤተሰብ ግን «ዘጉብን» ብሎ ይጣላል። ስለዚህ ልጅቷ በየሳምንቱ ስልኮቹን ቻርጅ አድርጋ፣ ዋትስአፑን ከፍታ ትመልሳቸዋለች። ማንም አላዘዛትም! (አሌክሳ የምትባለው በድምፅ የምትታዘዝ ረዳት ያለችበት ስክሪን ልግዛ የምትሉ፣ እናታችሁ ራሳቸው ጠርተው እንዲደውሉበት ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ፤ አሌክሳ አማርኛ አትሰማም።)

ከሁሉ በላይ ግን ከጥሪው በፊት ያለችው አምስት ደቂቃ ናት። መነጽራቸውን ትወለውላለች። የመስሚያ መሣሪያውን ባትሪ ታያለች። ብርሃን ከኋላ ከመጣ ፊት ጥቁር ጥላ ስለሚሆን ወንበሩን ከመስኮቱ ታዞራለች። የክፍል ተጋሪያቸውን አስፈቅዳ ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች። ታብሌቱን እጃቸው ላይ አታስይዛቸውም፤ መቆሚያው ላይ፣ ዓይናቸው ትክክል፣ ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር አርቃ ታቆመዋለች። ከዚያ «እማማ፣ ልጅዎ ሊመጣ ነው፣ ነጠላዎን እናስተካክል» ትላለች። ይህን ማን ያስተምራል?

የመርሳት ሕመም ላለባቸው ደግሞ ቤተሰቡን ታሠለጥናለች። «አወቅሽኝ?» እያላችሁ አትፈትኗቸው፤ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ የመጨረሻ ልጅሽ» ብላችሁ ጀምሩ። ስምንት ፊት በትንንሽ ሳጥን ተደርድሮ ባንዴ ሲንጫጫ ይደናገጣሉ፤ አንድ በአንድ ግቡ። ከ15 ደቂቃ አታስበልጡ። ወደ ማምሻው ብዙዎቹ ስለሚረበሹ ጠዋት ይሁን። እዚህ ጠዋት በፈረንጅ 10 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ የቀኑ 11 ነው፤ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ሰዓት ሲቀየር ግን 12 ይሆናል። በየዓመቱ በዚያ ሳምንት ስንት ጥሪ ይከሽፋል መሰላችሁ። ምስሉ ሲቆራረጥም አትጩኹ፣ በአንድ ወገን ካሜራውን አጥፉ፣ ድምፁ ይተርፋል።

ወሬ ሲጠፋስ? አዲስ አበባ ላሉት «ጀበናውን ወደ ካሜራው አቅርቡት» ትላቸዋለች። እንግሊዝኛው ጠፍቶ አማርኛ ብቻ የቀራቸው፣ እሱንም ብዙ የማይናገሩ አንዲት እናት ስክሪኑን እያዩ «ኧረ ገነፈለ! እሳቱን ቀንሺው!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወዲህ የእሳቸው ጥሪ ያለ ጀበና አይጀመርም።

እንደ እሷ ያለ ሰው የሌለበት ቤት ወላጅ ያላችሁም ዝም አትበሉ። የፌዴራሉ ደንብ ቤቱ ኢንተርኔት ካለው ነዋሪው በቪዲዮ የመገናኘት፣ ያንንም ሰው ሳይሰማው የማድረግ መብት ይሰጠዋል። በየሦስት ወሩ በሚደረገው የኬር ፕላን (የእንክብካቤ ዕቅድ) ስብሰባ የጥሪው ቀንና ሰዓት በጽሑፍ ይግባ በሉ፤ በቃል የተባለ ፈረቃ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ታብሌቱና ቻርጀሩም ስም ተጽፎባቸው በንብረት መዝገቡ ላይ ይስፈሩ።

ሥራዋ ላይ ጣጣ እንዳይመጣባት ስሟን እዚህ አናወጣም። በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ቤቱን እንነግራችኋለን። ወላጅ ለማስገባት ቤት እየዞራችሁ ከሆነ፣ እሷ ያለችበትን ሳታዩ ሌላ ቦታ እንዳትፈርሙ።