ሦስት ጃኬቶች በአንድ መፀው፦ የቆዳው፣ ትሬንቹና የጂንሱ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ባሉ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ለምንኖር ሴቶች፣ ከሴፕቴምበር መጨረሻ በኖቬምበር መጨረሻ እስከሚውለው ታንክስጊቪንግ በዓል ያሉት ሳምንታት ለአለባበስ ከክረምቱ ይልቅ ያስቸግራሉ። በክረምት ወፍራም ካፖርት ደርቦ መውጣት ነው፤ ሌላ ምርጫ የለም። በኦክቶበር ግን ጠዋት 50 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ የነበረው አየር ከሰዓት በኋላ ወደ 70 ስለሚጠጋ፣ ጠዋት ባቡር ሲጠብቅ ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው በምሳ ሰዓት ጃኬቱን በክንዱ ይዞ ይዞራል። ያለፈውን መፀው በሦስት ጃኬቶች እያፈራረቅሁ አሳልፌዋለሁ፤ አንደኛው አዲስ አበባ በልኬ ያሰፋሁት የበግ ቆዳ፣ ሁለተኛው እዚሁ ከመደብር የገዛሁት የጥጥ ትሬንች ኮት (ቀበቶ ያለው ረጅም የዝናብ ኮት)፣ ሦስተኛው ደግሞ ያገለገሉ ልብሶች ከሚሸጡበት ቤት ያነሳሁት የጂንስ ጃኬት ነው።

ወቅቱን መፀው ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቻችን የፈረንጁን የቅጠል መርገፊያ ወራት በልግ እያልን እንጠራለን፤ በልግ ግን በአገራችን ከየካቲት ጀምሮ የሚጥለው ዝናብ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ስለሚቆይ፣ እዚህ ቅጠሉ ከሚቀላበትና ከሚረግፍበት ጊዜ ጋር በአብዛኛው ይገጥማል። እዚያ አበባ የሚፈካበት፣ እዚህ ዛፍ የሚራቆትበት መሆኑ ልዩነቱ ነው።

ከሦስቱ ብዙ የሚነገርለት የቆዳው ጃኬት ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሰውነቱ በሱፍ ሳይሆን በጠጉር የተሸፈነ በመሆኑ፣ የቆዳው የውስጥ ክሮች ከሱፋም በግ ቆዳ ይልቅ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ የውጭ አገር ጓንት ሰፊዎች ለረጅም ዘመን ሲፈልጉት የኖሩትም ስስነትን ከጥንካሬ ጋር ስለሚያጣምር ነው። የእኔ ጃኬት ቆዳው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነና በእጅ ሲጨበጥ እንደ ጨርቅ የሚሰበሰብ ነው። ነፋስ አያሳልፍም፤ ከስር ስስ ሹራብ ከተለበሰ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ድረስ ሌላ ነገር አያስፈልግም። በልክ መሰፋቱ ደግሞ በመደብር ልብስ የማላገኘውን ነገር ሰጥቶኛል፤ ክንዴ ከቁመቴ አንጻር አጭር በመሆኑ የተገዛ ጃኬት ሁሉ እጅጌው መዳፌን ይሸፍነው ነበር፣ የጨርቁን ማሳጠር ቢቻልም የቆዳ እጅጌ ዚፕና ስፌቱ ጫፉ ላይ ስለሆነ አሳጥሮ ማስተካከል ብዙ ወጪ አለው።

ሰፊው ልኬን ሲወስድ ሰፋ እንዲያደርግልኝ ጠይቄው አልተቀበለኝም፤ ልክ ነበረ። ቆዳ በክርንና በጀርባ በኩል ከለበሱት በኋላ ይለጠጣልና፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጠበቅ ያለው ከአንድ ወር በኋላ ገላን ይመስላል፣ መጀመሪያውኑ የሰፋው ግን እየተንዘላዘለ ይሄዳል።

ጉድለቱን ሳልናገር ብቀር ግን ሚዛኔ ይዛባል። ቆዳው ይህን ያህል ግሩም ሆኖ ሳለ ዚፑ በሦስተኛው ሳምንት ጥርሱን ለቀቀ፤ ገበሩም ብብት ስር ተተረተረ። ገበሩ ከፖሊስተር የተሠራ በመሆኑ ባቡር ውስጥ ሲሞቅ ላብ ያጠራቅማል። ዚፑንና ገበሩን እዚህ አገር ለማስቀየር 90 ዶላር ከፍያለሁ፤ ይህም ለስፌቱ ከከፈልሁት ጋር ሲነጻጸር ቀላል አይደለም። አገር ቤት ቆዳ ለማሰፋት ያሰበች ሴት ሁሉ በቆዳው ቀለም ላይ ከሰፊው ጋር ግማሽ ቀን ከመከራከር ይልቅ፣ ጥሩ የብረት ዚፕና የቪስኮስ ገበር ራሷ ገዝታ ብትወስድለት የተሻለ ይመስለኛል። የሰፊው እጅ ጥፋት የለበትም፤ ያጣው ዕቃ ነው። ዝናብ ሲነካው ደግሞ በደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጎ አድርቆ፣ ከማሞቂያው ርቆ ሰፊ መስቀያ ላይ መስቀል፣ በጋውንም በላስቲክ ሳይሆን በጨርቅ ከረጢት ማኖር ይበቃዋል።

ትሬንች ኮቱ ለሥራ ቦታ ከሦስቱ የሚመረጠው ነው። ቶማስ በርበሪ በ1879 ያወጣው ጋባርዲን የተባለው ጨርቅ፣ ክሩ ከመሸመኑ በፊት ውኃ እንዳያስገባ ስለሚታከምና ሽመናው ጥብቅ ስለሆነ፣ ዝናብን እየመለሰ ገላን ግን አያፍንም። ትከሻው ላይ ያለው ማሰሪያና ቀበቶው ላይ የሚንጠለጠለው ብረት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ መኮንኖች የተሰፋ ኮት ቅርስ ነው፤ እኛ የምንሰቅለው የጦር ዕቃ ስለሌለን ትከሻዋ ሰፊ የሆነች ሴት ያ ማሰሪያ የሌለውን ብትመርጥ ያምርባታል። እኔ የገዛሁት መቶ በመቶ ጥጥ ነው፤ ይጨማደዳል፣ ካውያም ይፈልጋል፣ ነገር ግን ከፖሊስተሩ በተለየ ሲራመዱ አይንኮሻኮሽም፣ ከሰዓት በኋላም አያሞቅም። ቁመቱ ጉልበት ላይ የሚያበቃ መሆኑን ወድጄዋለሁ፤ ከዚያ የሚረዝመው ቁመቴን ይውጠዋል። ቀበቶውን በማያያዣው ከማስገባት ይልቅ እንዲሁ ቋጠር ማድረግ ወገብን ያሳያል፣ ካልተፈለገም ከኋላ ማሰር ይቻላል።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልሁት አንድ ነገር አለ። አዲስ ኮት ሲገዛ ከጀርባው በታች ያለው ቅዳድ በመጓጓዣ ጊዜ እንዳይጣመም በመስቀል ቅርጽ በክር ይያዛል፤ ይህ ክር ሊቆረጥ የተሰፋ ነው። በየጠዋቱ ባቡር ውስጥ ውድ ኮት ለብሰው ክሩን ሳይፈቱ የሚሄዱ ሴቶች አያለሁ፤ ሲራመዱ ጀርባው ይጨማደዳል፣ ሲቀመጡም ይወጠራል። ኪሱም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ተሰፍቶ ስለሚመጣ፣ የውሸት ኪስ ነው ብሎ ከማዘን በፊት በትንሽ መቀስ መሞከር ይገባል።

ስለ ጂንሱ ብዙ የምለው የለኝም። 18 ዶላር አውጥቼበታለሁ፣ የ18 ዶላር ያህልም አገልግሎኛል። ከስር ሹራብ ሲገባ ክንድ አያጥፍም፣ ነፋስም በደረቱ ቁልፎች መካከል ይገባል። እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ድረስ በአበባማ ቀሚስ ላይ ደርቦ ለቅዳሜ ገበያ መውጫ ይሆናል።

የሦስቱንም እውነተኛ ፈተና ያየሁት ግን በመስቀል ሰሞን ነው። እዚህ አካባቢ ደመራ ሲለኮስ ሰዓቱ አመሻሽ ነው፤ እሳቱ ፊትን ሲያሞቅ ጀርባ ይቀዘቅዛል። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ከላይ ምን እንደምትደርብ ያልተቸገረች ሴት ያለች አይመስለኝም፤ አብዛኞቻችን ከመኪናው ውስጥ ያገኘነውን የክረምት ጃኬት ጣል አድርገን ጥበቡን እንሸፍነዋለን። ጂንሱ በዚህ ቀን ጭራሽ ከቤት መውጣት የለበትም፤ ያልታጠበ ጥቁር ሰማያዊ ጂንስ ማቅለሚያው እየለቀቀ ወደ ነጭ ጥጥ ይጋባል፣ የእኔም ቀሚስ ብብቱ ስር እስከ ዛሬ ድረስ ያልለቀቀ ሰማያዊ ጥላ አለበት። ጥቁር ቆዳም ይህ ጠባይ ሊኖረው ስለሚችል፣ ከመልበስ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዞ የውስጥ ጠርዙን አሸት አሸት አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

ቆዳው ፈተናውን ካለፈ ግን ወገብ ላይ የሚያበቃው አጭር ጃኬት ለሐበሻ ቀሚስ እንደተሰፋ ያህል ይስማማል፤ ደረቱን ሳይዘጉ ከተዉት የአንገቱ ጥልፍ ይታያል፣ ከወገብ በታች ያለው ጥበብም እስከ እግር ድረስ ነጻ ሆኖ ይወርዳል። ችግሩ ነጠላው ነው። ስስ ፈትሉ በዚፑ ጥርስ ይያዛልና ጃኬቱን አስቀድሞ ለብሶ ነጠላውን ከላይ መጣል እንጂ ነጠላ ለብሶ ጃኬት መደረብ አያዋጣም፤ ይህ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስንገባ ነጠላውን በሥርዓቱ ለማጣፋትም ያመቻል። ትሬንቹ በተቃራኒው ቀበቶው ሲታሰር የቀሚሱን ስፋት ወገብ ላይ ስለሚያፍነው ሰውን ወፍራም ያስመስላል፤ ክፍት ሆኖ ሲተው ግን በተለይ ቤዥ ቀለም ያለው ከነጩ ጋር ሳይጣላ ዓይን ይይዛል። አክስቴ አይታው፦ «ልጄ፣ ጋቢሽን ሸጠሽ ነው ይህን የገዛሽው?» ብላኛለች፤ እርሷ ጋቢዋን ተከናንባ ከሁላችንም በላይ ሞቋት ነበር።

መደብር ለሚሄዱት አንድ ልማዴን ልንገራቸው። ሹራቤን በከረጢት ይዤ እሄዳለሁ፣ መስተዋት ፊት ከቆምሁ በኋላም ሁለት ነገር አደርጋለሁ፤ የባቡር መያዣ እንደያዝሁ ሆኜ እጄን ወደ ላይ አነሳለሁ፣ መሪ እንደያዝሁም ሆኜ ክንዶቼን ወደ ፊት እዘረጋለሁ። ጃኬቱ በሙሉ ተጎትቶ እምብርቴ ጋ ከደረሰ ብብቱ ዝቅ ተደርጎ የተቆረጠ ነውና እመልሰዋለሁ። የትከሻው ስፌት የትከሻ አጥንት ላይ ካላረፈም እንደዚሁ ነው፤ ወገብና እጅጌ ልብስ ሰፊ ጋ ይስተካከላል፣ ትከሻን ማስተካከል ግን ልብሱን ፈትቶ እንደ አዲስ መስፋት ስለሆነ ብዙ ሰፊዎች አይቀበሉም።

ለዚህ ዓመት ትሬንቹን ለሥራ ቀናት፣ ቆዳውን ለማታና ለበዓል አድርጌ ለይቻለሁ። የጂንሱን የእህቴ ልጅ ወስዳዋለች፤ በመስቀል ቀን እንዳትለብሰው ቃል አስገብቻታለሁ።