ቀድሞ ወልቆ ለነበረ ትከሻ የትኛው ላስቲክ?

ትከሻው አንዴ ወልቆ የተመለሰለት ሰው ስፖርት ልጀምር ሲል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው የመሳቢያ ላስቲክ ነው። በብዛት የሚሸጡት ባለ እጀታው ቱቦና ጠፍጣፋው ናቸው። ለዚህ ጉዳት የምንመርጠው ጠፍጣፋውን ነው።

ዳምቤል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ክብደቱ ያው ነው፤ ላስቲክ ግን በተለጠጠ ቁጥር ይከብዳል። ትልቁ ጫና የሚመጣው እንቅስቃሴው ሊያልቅ ሲል፣ ማለትም ላላ ያለ ትከሻ በጣም በሚደክምበት ቦታ ላይ ነው። ቱቦው ርዝመቱ አንድ ስለሆነ ይህን ማስተካከያ መንገድ የለውም፤ ላስቲኩ ወደታሰረበት በር ቀረብ ራቅ ማለት ብቻ ነው። ጠፍጣፋውን ግን 2 ሜትር ያህል አስቆርጦ፣ መዳፍ ላይ አንድ ዙር ጠቅልሎ፣ በፈለጉት ርዝመት መያዝ ይቻላል። ጣትን ጨምድዶ መያዝም አያስፈልግም።

በቀለም አይታመኑ፤ ከአምራች አምራች ይለያያል። ቴራባንድ የተባለው አምራች ቢጫ ላስቲክ ርዝመቱ እጥፍ እስኪሆን ሲሳብ 1.3 ኪሎ ገደማ፣ ቀዩ 1.7፣ አረንጓዴው 2.1 ይጎትታል። ቢጫው ለልጅ የተሠራ ይመስላል፤ ቢሆንም መጀመር በእሱ ነው፤ የሚሠሩት ሮቴተር ከፍ (rotator cuff) የሚባሉት አራቱ ትንንሽ የትከሻ ጡንቻዎች ናቸውና። ሲከብድ ሥራውን ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይነጥቋቸዋል።

ዋናው እንቅስቃሴ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር ነው። ላስቲኩን በክርን ከፍታ በር ላይ ያስሩ፤ በሩ ሲሳብ የሚዘጋ እንጂ የሚከፈት አይሁን። ደህናው ጎን ወደ በሩ ይሁን፤ የታመመውን እጅ ክርን 90 ዲግሪ አጥፈው፣ በክርንና በጎድን መካከል የተጠቀለለ ፎጣ ያድርጉ። ከሆድ ፊት ተነሥተው እጁ ቀጥታ ወደ ፊት እስኪያመለክት ያዙሩ፣ መጀመሪያ ላይ ከዚያ አይለፉ። ለማዞር 2 ሰከንድ፣ ለመመለስ 4። ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ 2 ወይም 3 ዙር። ፎጣው ከወደቀ፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ ወይም ወገብ አብሮ ከዞረ ላስቲኩ ከብዷል፤ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ይጠጉ።

ወደ ኋላ መሳብም ጥሩ ነው፤ ክርን ግን ከጀርባ መስመር እጅግ አይለፍ፤ የክንድ አጥንት ራስ ወደ ፊት ይገፋል። ትከሻ በአብዛኛው የሚወልቀው በዚያው አቅጣጫ ነው፤ በተለይ ክንድ ወደ ጎን ተነሥቶ ድንጋይ ለመወርወር እንደሚዘጋጅ እጅ ወደ ኋላ ሲዞር። ስለዚህ ዲፕስ (በሁለት እጅ ተደግፎ ሰውነትን ዝቅ ከፍ ማድረግ)፣ ሰፊ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ እጅን አራርቆ ብረት መግፋት) እና ከአንገት ጀርባ የሚወርድ መሳቢያ ይቅሩ። ትከሻዎ ወደ ኋላ የሚወልቅ ከሆነ ግን አደገኛው ፑሽአፕና ከደረት ፊት መግፋት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ሳይለይ አይጀምሩ። እጅ ከደነዘዘ ወይም ትከሻው የሚሸሽ ከመሰለ ያቁሙ።

የጠፍጣፋው ጉድለት ዕድሜው ነው። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ቀለበትና ጥፍር ይጭሩታል። ከላቴክስ የተሠራው ቆዳቸው ለማይቀበለው አይሆንም፤ ላቴክስ የሌለበት አለ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ጭረት ካዩ ይጣሉት፤ የተበጠሰውን ቋጥሮ መጠቀም ድንገት ለቆ ክንዱን በኃይል ያስፈነጥራል።