ኦስካር ሃው ወይስ ዳያኒ ዋይት ሆክ?

ላኮታ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው። የላኮታን ረቂቅ (አብስትራክት) ሥነ ጥበብ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ሁለት ሠዓሊዎች ከማን ይጀምር? እኔ ከዋይት ሆክ እላለሁ።

ሃው (1915–1983) የላኮታ የቅርብ ዘመድ ከሆነው ከዳኮታ ሕዝብ ነው። ሥዕሎቹ ላይ ጨፋሪው በሹል መስመሮች ተሰነጣጥቆ ይታያል፤ ሰው መሆኑ ግን አይጠፋም። በ1958 የኦክላሆማው ፊልብሩክ ሙዚየም ባዘጋጀው ውድድር ሥራው “ባህላዊ አይደለም” ተብሎ ውድቅ ሆነ። ዝም አላለም፣ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ። ነገሮችን በቅርጽ ሰባብሮ ከሚያሳየው የአውሮፓ የሥዕል ስልት ከኩቢዝም የቀዳ ለመሰላቸውም መልሱ አጭር ነበር፦ ምንጬ ዳኮታ ነው።

ዋይት ሆክ ሲቻንጉ ከተባለው የላኮታ ነገድ ናት፤ የምትሠራው ሚኒያፖሊስ ነው። በ2022 ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ያሳየችው “ዎፒላ” የተባለ ሥራ ወርዱ ከአራት ሜትር ያልፋል። ስሙ በላኮታ ቋንቋ ምስጋና ማለት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጥርት ያለ የሦስት ማዕዘን ቅርጾች ሥዕል ይመስላል። ጠጋ ሲሉ ግን ቀለም አይደለም፤ እንደ ቀጭን ቱቦ የሆኑ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የመስታወት ዶቃዎች በእጅ ተደርድረው ነው። ሰው ሲንቀሳቀስ ብርሃኑም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

የምወድላት ታሪኩን መገልበጧን ነው። ዶቃ ሳይመጣ በፊት የላኮታ ሴቶች የጃርት እሾህ አለስልሰው፣ ቀለም ነክረው፣ ቆዳ ላይ ይሰፉ ነበር። ያ ቅርጽ በረቂቅ ሥዕል የታወቁት የኒውዮርክ ሠዓሊዎች ከመወለዳቸው በፊት ረቂቅ ነበር። ሃው በራሱ መንገድ የመሳል መብቱን ለማስከበር መሟገት ነበረበት፤ እሷ ደግሞ ረቂቅ ጥበብ መጀመሪያውኑ የማን እንደነበር ታሳያለች።

ታሪክና እንቅስቃሴ ያለው ሥዕል የሚማርካችሁ ከሆነ ግን ከሃው ጀምሩ። ለዓመታት ያስተማረው በሳውዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ሥራዎቹም እዚያው አሉ።